ኡራን ላይ የጠፋችው ዜሮ

የተቃጠለ ሞተር ሽታ ከማንኛውም ቃጠሎ ይለያል። እንደ ጎማ አይደለም፣ እንደ ፕላስቲክም አይደለም። የመዳብ ሽቦው የተቀባው ቫርኒሽ ሲነድ መጀመሪያ እንዳረረ ስኳር ጣፈጥ ይላል፤ ቀጥሎ ጉሮሮ ውስጥ ይመራል፤ ልብስ ላይ ከገባ ደግሞ ሁለት ጊዜ ታጥቦም አይለቅም። ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከሰፈሬ ከማንያታ ወደ ገበያው ስወርድ፣ ሞተር ከሚጠቀልሉት ሰዎች ደጃፍ ይኸው ሽታ ተቀበለኝና እግሬ ሳላዘው ቆመ። በሩ ላይ፣ በተገለበጠ ጄሪካን ላይ፣ ኢንጂነር ታምራት ተቀምጧል። ፀጉሩ ሸብቷል። ያ ባለብዙ ኪስ የካኪ ሰደርያ አሁንም ላዩ ላይ ነው፤ ብቻ ቀለሙ ለቆ አፈር መስሏል፣ ሁለቱ ኪሶችም ተገንጥለዋል። እግሩ ሥር ሆዱ የተከፈተ የፓምፕ ሞተር አለ። ቀና ብሎ አየኝና «ዮናስ» አለኝ።

ስሜን ከእሱ አፍ ከሰማሁ ስምንት ዓመት አልፎኛል። በኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ ውስጥ ብዙ ሰው በስሜ አይጠራኝም። ሲፉሪ ነው የሚሉኝ፤ በስዋሂሊ ዜሮ ማለት ነው። ቦዳቦዳ የሚባለውን የኪራይ ሞተር ብስክሌት የሚነዱትም፣ ሻይ የምታፈላው ሃዋም፣ ሎሪ የሚጭኑት ወጣቶችም ሲያገኙኝ «ሲፉሪ፣ ሃባሪ» ብለው ሰላም ይሉኛል። ክፋት የላቸውም፤ ብዙዎቹ ስሙ ከየት እንደመጣ አያውቁም። እኔ ግን አውቃለሁ። ያወጣልኝ ይኸው ጄሪካን ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። አንባቢ ሌላ ምክንያት እንዳይፈልግልኝ ከመጀመሪያው ልናገር፤ ይህን የምጽፈው እሱን ለመበቀል ነው።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አስፋልቱ ከተማችን ከደረሰ ብዙም አልቆየም፤ ሎሪዎቹ በአዲሱ መንገድ የተገረሙ ይመስል ያለምክንያት ጥሩንባ ይነፉ ነበር። ከጠረፉ እስከ ማንያታ በቦዳቦዳ ሃምሳ ሽልንግ ነው፤ በግመል ወተት የተፈላ ሻይ ሃያ፤ ኢንተርኔት ቤት ደግሞ ደቂቃው አንድ ሽልንግ። ኢንተርኔት ቤቱ ከጫማ ሰፊው አጠገብ አራት ኮምፒውተር የተደረደረባት የቆርቆሮ ክፍል ናት፤ ዛሬ ሲሚንቶ ይሸጥባታል። ከቀትር በኋላ ቆርቆሮው ሲግል ማሽኖቹ ሙቀቱን አልችል ብለው አንድ በአንድ ይጠፋሉ፤ ስለዚህ እኔ በጠዋት ነበር የምሄደው። የሠላሳ ደቂቃ ከፍዬ ስለ ፕሮግራም የተጻፉ መጻሕፍትን ወደ ስልኬ አወርዳለሁ፤ ቤቴ ገብቼ መስታወቱ በተሰነጠቀው ስልክ ላይ አነባለሁ፤ ከዚያ ፕሮግራሙን በእርሳስ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ማሽን ሳልነካ በደብተር ላይ ብቻ የጻፍኩባቸው ወራት አሉ። ከዚያ ወዲህ አንዲት ነጥብ ስትጎድል ዓይኔን ትወጋኛለች። የምለብሳት ሰማያዊ ሸሚዝ ከሚቱምባ፣ ከልባሽ ጨርቅ፣ ክምር ውስጥ በመቶ ሽልንግ መርጬ ያወጣኋት ናት፤ የት አገር እንዳለ የማላውቀው የጎልፍ ክለብ ምልክት ኪሷ ላይ ተጠልፎባታል። ከኢትዮጵያ በኩል የአማርኛ ዘፈን፣ ከዚህ በኩል የቦረና ዘፈን ከየሱቁ ድምፅ ማጉያ ይለቀቃል፤ ጫማ ሰፊው ጋ የቆመ ሰው ሁለቱን እኩል ይሰማል። እዚያ ማዕዘን ላይ ቆሜ ሁለቱ ዘፈኖች ምት ላይ የሚገጣጠሙበትን ቅጽበት መጠበቅ ልማዴ ነበር። አንዳንድ ቀን ይገጥማሉ።

አባቴ፣ ጋሽ ወርቁ፣ የከብት ገበያ ቆጣሪ ነበር። በስደት መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ ቦረንኛውንም ስዋሂሊውንም የለመደው ፍየል እየቆጠረ ነው። ብዙ ፍየል ወደ ናይሮቢ ሲጫን ሻጭ የገዢን ቆጠራ አያምንም፣ ገዢም የሻጭን፤ ሁለቱም የሚያምኑት ሰው ይጠራል። ፍየሎቹ በእሾህ አጥሩ ውስጥ በተተወች ጠባብ በር አንድ በአንድ ያልፋሉ። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ይቆጥራል። ልክ መቶ ሲሞላ በትሩን በበሩ ላይ አግድም ይዘረጋል። ፍየሎቹ ይቆማሉ። ሻጩ አንድ ጠጠር ይጥላል፣ ገዢውም ይጥላል፣ ሁለቱም ራሳቸውን ሲነቀንቁ በትሩ ይነሳል። ለምን ያቆማቸዋል፣ ዝም ብሎ ቢቆጥር አይፈጥንም ወይ ብዬ አንዴ ጠይቄው ነበር። «እኔማ ሳልቆም ሺህ እቆጥራለሁ» አለኝ። «በትሩ ለኔ አይደለም፤ ለሚያየው ሰው ነው።»

ኢንጂነር ታምራት በዚያ ዘመን ትልቅ ሰው ነበር። ናይሮቢ ተምሮ ተመልሷል፤ የፀሐይ ፓነልና ፓምፕ የሚሸጥበት ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ሱቅ አለው፤ ጫፉ የሾለ ቡናማ ጫማ ያደርጋል፤ የሞያሌ አቧራ በተነሳ ቁጥር ከሰደርያው ስድስት ኪሶች ከአንዱ መሐረብ አውጥቶ ጫማውን ሊጠርግ ጎንበስ ይላል። ስልክ ስጠግን አይቶኝ ሥራ ሰጠኝ። ከሞያሌ በሎሪ አራት ሰዓት በምትርቀው በኡራን አዲስ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ነበር። ችግሩ ውሃው ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው። ፓምፑ ለሁለት ሰዓት ከሳበ ለስድስት ሰዓት ማረፍ አለበት። ካላረፈ ውሃው ያልቅበትና አየር ይስባል፤ አየር ከሳበ ይግላል፤ ከጋለ ይነድዳል። ውሃ ሲያልቅ ፓምፑን የሚያጠፋው መሣሪያ ታዝዞ አልደረሰም ነበር። እሱ እስኪመጣ ፓምፑን የሚጠብቀው እኔ የምጽፈው ፕሮግራም፣ ከፕሮግራሙም ውስጥ አንዲት ቁጥር ብቻ ናት። በጋ ነው፤ በዙሪያው ሌላ ውሃ የለም። የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጃርሳ ገልገሎ፣ ጃርሳ ሽማግሌ ማለት ነው፣ ይህን ለማይታወቅ ወጣት መስጠት ከብዶት አመነታ። ያኔ አባቴ በሎሪ ኡራን ድረስ ሄዶ በኮሚቴው ፊት ቆመ። ልጄ ነው አለ፤ ቁጥር ከሳተ እኔ ሁለተኛ በትር አልይዝም። እዚያ አገር የቆጣሪ ቃል ቃል ነው፤ ሥራውን ሰጡኝ።

ቁጥሯ የዕረፍቱ ርዝመት ናት። የኔ ፕሮግራም ጊዜን የሚቆጥረው በሰዓት ሳይሆን በሰከንድ አንድ ሺኛ ነበር። ስድስት ሰዓት ማለት ሃያ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሰከንድ ነው፤ በሺኛው ሲሆን 21600000። እስቲ ይህን ቁጥር ጣታችሁን ሳታስነኩ አንብቡት። እኔ አልቻልኩም። ወረቀት ላይ ቢሆን በየሦስቱ ኮማ እናደርግ ነበር። ኮማውን ሞከርኩት። ቋንቋው ኮማን የሚያውቀው የተለያዩ ነገሮችን መለያ አድርጎ ነውና አንዱን ቁጥር ሦስት አድርጎ ወሰደው፤ ሃያ አንድ፣ ስድስት መቶ፣ ዜሮ። ባዶ ቦታ ተውኩለት፤ ስህተት ብሎ መለሰልኝ። ከዚያ አንድ ጠዋት ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ፣ የቋንቋው አዲስ እትም ምን ምን እንደጨመረ የሚዘረዝር ገጽ ሳነብ፣ ወደ መጨረሻው ላይ ሁለት መስመር አገኘሁ። በአሃዞች መካከል የግርጌ ሰረዝ ማስገባት ተፈቅዷል፤ ማሽኑ እንዳላያት ያልፋታል። ቁጥሩ መጀመሪያ ላይ አትሆንም፣ መጨረሻ ላይ አትሆንም፣ ሁለት አከታትሎ ማድረግም አይቻልም። ሌሎች ቋንቋዎች ለዚሁ ጉዳይ ከላይ የምትንጠለጠል ጭረት እንዳላቸው፣ አንዳንዶቹም ጨርሶ ምንም እንደሌላቸው ኋላ ነው ያነበብኩት። ደብተሬ ላይ ጻፍኳት፦ 21_600_000። ሃያ አንድ ሚሊዮን፣ ስድስት መቶ ሺህ። ከሩቅ ትነበባለች። የታየኝ የአባቴ በትር ነው፤ በበሩ ላይ አግድም የተኛ። ማሽኑ ሳይቆም ይቆጥራል፤ ሰረዟ ለሚያየው ሰው ናት። አዲሱን እትም ለማውረድ መቶ አርባ ሽልንግ አወጣሁ፤ የሁለት ቀን ምሳዬ ነበር፤ አልቆጨኝም። ዛሬም አይቆጨኝም።

ፓምፑን የምናስረክብ ዕለት ኡራን ላይ ነፋስ ነበር። ኢንጂነር ላፕቶፑን በፒክአፑ ኮፈን ላይ ከፍቶ ፕሮግራሙን ወደ ታች እያንሸራተተ ያያል። ጉድጓዱን ያስቆፈሩት እንግዶች ከናይሮቢ እየመጡ ነው፤ የመኪናቸው አቧራ ከሩቅ ይታያል። ጣቱን ስክሪኑ ላይ አደረገ።

«ይኼ ምንድነው?»

ቁጥሩን ለማንበብ እንዲቀል ነው አልኩት።

«ለማን ነው የሚቀለው? ለማሽኑ?»

«ለኛ ነው ኢንጂነር። ዜሮ ብትጎድል ቶሎ እንድትታየን።»

«ዜሮ መቁጠር የሚያቅተው ሰው ፕሮግራም አይጽፍማ» አለና ሳቀ። «የአንደኛ ክፍል ደብተር አስመሰልከው እኮ። እነዚህ ሰዎች በዚህ ሊስቁብኝ ነው?»

ሰረዙን ካልወደዱት በ6 ጊዜ 60 ጊዜ 60 ጊዜ 1000 እንጻፈው፣ ማሽኑ ራሱ ያባዛዋል፣ ሰውም ስድስት ሰዓት መሆኑን ያያል አልኩት። ሂሳብ አስተማሪ ሆንክብኝ አለኝ። ሂድና የታንከሩን ቧንቧ እይ ብሎ ሲልከኝ ቁጥሯን በሙሉ አጥፍቶ ጣቶቹን ለመጻፍ አንስቶ ነበር፤ ዓይኑ ግን አቧራው ላይ ነው። ስመለስ ላፕቶፑ ተዘግቷል፣ ፕሮግራሙ ፓምፑ ላይ ተጭኗል፣ እሱ መሐረቡን አውጥቶ ጫማውን እየጠረገ ነው። ከፍቼ ማየት ነበረብኝ። አላየሁም። ለዚህ ጥፋቴ ስምንት ዓመት ከፍያለሁ፤ የራሴን ድርሻ አልደብቅም።

በሦስተኛው ቀን ፓምፑ ነደደ። የደረስኩት በሞተር ብስክሌት ነው፤ ሽታው ከጉድጓዱ በፊት ተቀበለኝ። ፕሮግራሙን ከፍቼ ቁጥሯን በጥፍሬ እየነካሁ ቆጠርኩ። 2160000። አንድ ዜሮ ጎድላለች። ስድስት ሰዓት ማረፍ የነበረበት ፓምፕ ሲያርፍ የሰነበተው ሠላሳ ስድስት ደቂቃ ነው። አዲስ ሞተር እስኪመጣ አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። በእነዚያ ቀናት ሰዎቹ ከብቶቻቸውን ይዘው ሩቅ ሄዱ፤ የደረሱ ደረሱ፣ ያልደረሱም ነበሩ። የጃርሳ ገልገሎ ግንባረ ነጭ ላም ከነጥጃዋ መንገድ ላይ ቀረች። በድኗን ሄጄ አይቻለሁ፤ ማንም ሂድ አላለኝም።

ኮሚቴው ከጉድጓዱ አጠገብ ባለው ግራር ሥር ተሰበሰበ። አባቴም ተጠርቶ መጥቷል፤ በትሩን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ኢንጂነር መጀመሪያ ስለ ሙቀት፣ ስለ ሞተሩ ጥራት ተናገረ። ከዚያ እኔ ተነሳሁ፤ ቁጥሯን የጻፍኳት እንዲህ አልነበረም አልኩ፤ ስልኬ ላይ ያለውን ቅጂ ለማሳየት እጄን ወደ ኪሴ ሰደድኩ። ኢንጂነር ስልኬን እስካወጣ አልጠበቀኝም። ድምፁን አላነሳም፤ ልጁን እንደሚመክር አባት ለስለስ ብሎ ነው የተናገረው።

«ዮናስ፣ አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ይህን ፕሮግራም የጻፍከው አንተ ነህ ወይስ አይደለህም?»

«እኔ ነኝ፣ ግን...»

«በቃ። እሱ ነው» አለ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ። «አንድ ሲፉሪ ረስቶ ነው። ወጣት ነው፤ ይቅር በሉት።»

ስልኬን አሳየሁ። ማየት አዩት፤ ግን ከእነሱ መሃል እንዲህ ያለ ነገር የሚያነብ አልነበረም። ኢንጂነርም ስልክ ላይ ያለ ነገር ዛሬ ጠዋት ሊጻፍ እንደሚችል ነገራቸው። እኔ ከሰው ፊት ስቆም አፌ ይተሳሰራል፤ ያን ቀንም ተሳሰረ። ያኔ አባቴ ተነሳ። ወደኔም አላየም። በትሩን በጃርሳ ገልገሎ እግር ሥር አግድም አስቀመጠና ወደ ሎሪው ሄደ። በሳምንቱ የፍየል ነጋዴዎች ሊጠሩት ቤታችን መጡ፤ በትር የለኝም ብሎ መለሳቸው። ሁለተኛ ጊዜም መጡ፤ ሌላ በትር እንግዛልህ አሉት፤ እንቢ አለ። ሦስተኛ አልመጡም። ከዚያ ወዲህ አባቴ ምንም ቆጥሮ አያውቅም። ጠዋት ደጃፉ ላይ ይቀመጣል፤ ፍየሎች በመንገዱ ሲያልፉ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

ሲፉሪ የሚለው ስም ከእኛ ቀድሞ ሞያሌ ገባ። ሎሪ ጫኞቹ ከኡራን ይዘውት መጡ።

ሰው ይቅር በል ይላል። የቤተ ክርስቲያናችን ቄስ ብለውኛል፣ ጎረቤታችን ሸህ ኑርም ብለውኛል፣ ሁለቱም ደህና ሰዎች ናቸው። አክብሬ ሰምቻቸው ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ማንያታ ውስጥ በተከራየኋት አንዲት ክፍል የፓምፕ መቆጣጠሪያ መሥራት ጀመርኩ። መጀመሪያ ማንም አልወሰደልኝም፤ ከዚያ አንድ የውሃ ቦታ ወሰደ፤ አልነደደም። ሁለተኛው ወሰደ። ዛሬ ከሞያሌ ወጣ ብሎ በየአቅጣጫው የኔ ፕሮግራም የሚያዘው ፓምፕ አለ፤ የሚጠግኑት ፈንዲዎችም፣ ባለሙያዎቹ ማለቴ ነው፣ ፕሮግራሙን ከፍተው ቁጥር የሚቀይሩበት ጊዜ አለ። ለእነሱ ብዬ አንድ ፈታሽ ጻፍኩ። ከአራት አሃዝ የበለጠ ቁጥር ያለሰረዝ የገባ እንደሆነ ፈታሹ አይቀበልም፤ ሥራውን ያቆምና ስክሪኑ ላይ በቀይ ይጽፋል፦ «የታምራት ስህተት። ቁጥሩን ከፋፍለህ ጻፍ።» ይህን የጻፍኩበትን ቀን አስታውሳለሁ፤ ዝናብ ነበር፤ ቆርቆሮው እየጮኸ ብቻዬን ሳቅሁ። ፈንዲዎቹ ታምራት ማን እንደሆነ አያውቁም፣ አልጠየቁኝምም። ቃሉን ግን ለመዱት። አንዱ ለሌላው ስልክ ደውሎ «ታምራት ይዞኝ ነው የቆየሁት» ሲል ሰምቻለሁ። እያንዳንዷ ጥሪ ለኔ ደመወዝ ነበረች።

ማክሰኞ ዕለት ጄሪካኑ ላይ ሆኖ ስሜን የጠራኝ ለዚህ ነበር። ሱቁ ከተዘጋ ቆይቷል፤ አሁን የተቃጠለ ሞተር እየገዛ መዳቡን ይሸጣል። ሴት ልጁ ናይሮቢ ኮሌጅ የኔኑ ዓይነት ሥራ ትማራለች። ለዕረፍት መጥታ አንድ የውሃ ቦታ ላይ ለልምምድ ስትሠራ ፕሮግራሙን ከፈተች፤ ቁጥር አስገባች፤ ቀዩ ጽሑፍ ወጣባት። ማታ እራት ላይ እየሳቀች ስምህን የሚጋራው ይህ ሰውዬ ምን አድርጎ ነው አለችው። ይህን ሲነግረኝ የሞተሩን ሽቦ በጣቱ ይጠቀልላል፣ ይፈታል።

«ስሜን አጥፋልኝ» አለኝ። «ለልጄ ስል ነው። አንተ የፈለግከውን አደርጋለሁ።»

ለአባቴ መጥተው ይንገሩት ልል ነበር። በልቤ ይህን ነበር ስምንት ዓመት ያዘጋጀሁት። ግን በትሩ ያለው አባቴ ጋ አይደለም።

«ኡራን» አልኩት። «ግራሩ ሥር። ለጃርሳ ገልገሎ። እውነቱን ከነገሩት ስምዎን አጠፋለሁ።»

«እዚያ ድረስ? ለአባትህ ብነግረው አይበቃም?»

«አይበቃም።»

«አሁንም እርስዎ ነው የምትለኝ» አለ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረ።

«ሐሙስ ጠዋት ሎሪው ከገበያው ይነሳል» አልኩትና መንገዴን ሄድኩ።

መጣ። እንደማይመጣ ገምቼ ነበር፤ እንዲያውም ባይመጣ ስሙ እንዲቆይልኝ ሳልፈልግ አልቀረሁም። በሎሪው ላይ ከስኳር ጆንያዎቹ በላይ ተቀምጦ አራት ሰዓት ሙሉ ተጓዘ። ሾፌሩ የሚያጫውተው የቦረና ዘፈን ነው፤ ያው ጫማ ሰፊው ጋ ቆሜ እሰማው የነበረው ይመስለኛል። ጫማውን አየሁት፤ ያው ጫፉ የሾለ ቡናማ ነው፣ በሚስማር የተጠገነ። አቧራው እየሸፈነው ነው፤ አልጠረገውም።

ጃርሳ ገልገሎ አርጅቷል፤ ዓይኑ ላይ ነጭ ነገር ወጥቶበታል፤ ግን ስማችንን ስንነግረው ሁለታችንንም አስታወሰ። በግራሩ ሥር ሰዎች ተሰበሰቡ፤ ከብት ያመጡ እረኞችና ከጉድጓዱ ውሃ ሊቀዱ የመጡ ሴቶችም ቀረብ አሉ። ኢንጂነር ቦረንኛ ያውቃል፤ አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ቁጥሯን ያጠፋሁት እኔ ነኝ አለ። መልሼ የጻፍኳትም እኔ ነኝ፤ እየጻፍኩ መንገድ መንገዱን ነበር የማየው። ይህ ልጅ በትክክል ጽፏት ነበር፤ እንዳትጠፋ ምልክትም አድርጎባት ነበር፤ እኔ ምልክቱ አሳፈረኝ።

ጃርሳ ገልገሎ ፊቱን ወደ ኢንጂነር አዞረ።

«ጉዳዩን ያወቅኸው መቼ ነው?» አለው።

«ፓምፑ በነደደ ዕለት።»

«አባቱ በትሩን እዚህ ሲያስቀምጥ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እኔ ላሜን ረስቻታለሁ» አለ ሽማግሌው። «ያን ቆጣሪ ግን በስሙ አልጠራውም ነበር፣ ስምንት ዓመት። የዋሸኝ እሱ ነው ብዬ።» ከዚያ ራሱን ወደ ሰዎቹ አዞረና በቀስታ፣ ቀልድ ይሁን ቁም ነገር ሳይለይ፣ «እንግዲህ ሲፉሪ ሌላ ሰው ነው ለካ» አለ።

መጀመሪያ የሳቀችው ጄሪካን የያዘች ሴት ናት። ከዚያ እረኞቹ ሳቁ፤ ከዚያ ሁሉም። ኢንጂነር መሬት መሬቱን ያያል። እኔ አልሳቅሁም። ፊቱን በደንብ ነበር የማየው፤ ምንም እንዳያመልጠኝ።

በትሩ በፓምፑ ቤት ጣሪያ ሥር፣ በቆርቆሮውና በእንጨቱ መካከል ተሰክቶ ኖሯል። ጃርሳ ገልገሎ ራሱ ተመርቶ ሄዶ በእጁ ዳሶ አወጣው። ጫፉን ምስጥ በልቶታል፤ ቀሪው ደህና ነው። ጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ማንያታ ስገባ አባቴ እንደ ልማዱ ደጃፉ ላይ ነበር። ጨርቁን ሳይፈታው ምን እንደሆነ አውቋል፤ እጁ ክብደቱን ያውቀዋል። የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት፤ ማን ምን እንዳለ፣ ማን ቀድሞ እንደሳቀ። ስጨርስ የተበላውን ጫፍ በአውራ ጣቱ እየዳበሰ «ስንት ነበረች ቁጥሯ?» አለኝ።

«ሃያ አንድ ሚሊዮን ስድስት መቶ ሺህ።»

«ሰረዞቹ የት የት ነበሩ?»

ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። አንድ ሰው ፍየሎቹን በመንገዱ እየነዳ ሲመጣ ፊቱን አላዞረም።

ለኢንጂነር የገባሁለትን ቃልም አክብሬያለሁ፤ እኔ ነገር በልኩ ነው የምወደው። አጥፋልኝ ያለኝ ስሙን ነው፤ አርብ ጠዋት ፈታሹን ከፍቼ «ታምራት» የሚለውን ቃል ከያለበት አጠፋሁ። አንድም አልቀረም፤ ሁለት ጊዜ ፈልጌያለሁ። በቦታው «ሲፉሪ» ብዬ ጻፍኩና ለፈንዲዎቹ ሁሉ ላክሁ። ሎሪ ጫኞቹ «ሲፉሪስ ኢንጂነሩ ነው» የሚለውን ወሬ ከኡራን ይዘው ስለገቡ ዛሬ ሃዋ ሻይ ስትሰጠኝ ዮናስ ብላኛለች። ልጅቱ ለሚቀጥለው ዕረፍቷ ስትመጣ ያንን ቀይ ጽሑፍ እንደገና ታየዋለች። ሲፉሪ ማን እንደሆነ አባቷን መጠየቅ አያስፈልጋትም፤ ገበያው መሃል «ሲፉሪ» ተብሎ ሲጠራ ማን ዞር እንደሚል ማየት ይበቃታል።